ካቻቢቴ ከማንሳትህ በፊት፦ ለጀማሪ የሞተር ጠጋኝ የተጻፈ ምክር

ልጄ፣ የትንንሽ ሞተር ጥገና ልትጀምር መሆኑን ስሰማ ደስ ብሎኛል። ከመቂ እስከ ባቱ፣ በዝዋይ ሐይቅ ዙሪያ ሽንኩርትና ቲማቲም የሚያለማ ገበሬ ኑሮው የተንጠለጠለው በቤንዚን በሚሠራ አንድ የውኃ ፓምፕ ላይ ነው። ፓምፑ ሲቆም የበጋው ፀሐይ አይጠብቀውም፤ ገና ሥር ያልያዘ የሽንኩርት ችግኝ ውኃ ካላገኘ ወዲያው ይጠወልጋል። እንዲህ ያለ ሰው ሞተሩን በጋሪ ወይም በባጃጅ ጭኖ አንተ ዘንድ ሲመጣ የማዳበሪያ ዕዳውንም ጭንቀቱንም ይዞ ነው። ስለዚህ የምልህን በጥሞና አንብበው።

የምጽፍልህ ስለ ካርቡሬተር ብቻ ነው። በዚህ ሙያ ውስጥ የካርቡሬተርን ያህል ያለ ጥፋቱ የሚወቀስ፣ ያለ ዕውቀት የሚፈታና በጠጋኙ እጅ የሚበላሽ ዕቃ የለም። የምጠቅሳቸው ልኮች በብዛት እጅህ ለሚገቡት ሞተሮች ይሆናሉ፤ ሆንዳ ጂኤክስ160 እና በእሱ አምሳል በቻይና የሚሠሩት፣ 168ኤፍ የሚል ጽሑፍ ያለባቸው። የሲሊንደራቸው ስፋት 68 ሚሊ ሜትር ነው፤ የካርቡሬተራቸውም አሠራር አንድ ዓይነት ስለሆነ ከአንዱ የተማርከው ለሌላው ያገለግልሃል።

1. የቤንዚኑን መንገድ በቃልህ ያዝ

ቤንዚን ከታንኩ በራሱ ክብደት ወርዶ በጎማ ቱቦ ይመጣል። ካርቡሬተሩ ጎን ላይ ያለውን መዝጊያና ከሥሩ የተንጠለጠለችውን የቆሻሻ ማጥለያ ኩባያ ያልፍና የሳሕኑን መግቢያ በር የምትዘጋው መርፌ ጋ ይደርሳል። ከታች ያለው ሳሕን ሲሞላ በውስጡ ያለው ተንሳፋፊ ከፍ ብሎ መርፌዋን ወደ ላይ ይገፋታል፣ በሩም ይዘጋል። ቤንዚኑ ሲቀንስ ተንሳፋፊው ይወርዳል፣ በሩ ይከፈታል።

ከሳሕኑ ወደ ሞተሩ የሚወስዱት መንገዶች ሁለት ናቸው። ትልቁ የሚጀምረው በሳሕኑ መሐል ካለው ከናስ የተሠራ ዋና ጄት ነው፤ ሞተሩ ጭነት ይዞ ሲሠራ የሚመገበው በዚህ ነው። ትንሹ የፓይለት ጄት መንገድ ነው፤ ሞተሩ በሚኒሞ፣ ማለትም በዝቅተኛ ዙር፣ ሲዞር ወይም ጋዙ ጥቂት ብቻ ሲከፈት የሚመገበው በዚያ ነው። የትኛው መንገድ በየትኛው ሰዓት እንደሚሠራ ካወቅህ፣ ሞተሩ መቼ እንደሚያስቸግር ብቻ ሰምተህ የተዘጋውን ቀዳዳ መገመት ትችላለህ።

ቤንዚኑን ወደ ላይ የሚያወጣው ምን እንደሆነም ይግባህ። የካርቡሬተሩ አንገት መሐሉ ላይ ይጠብባል። አየር በጠባቡ ቦታ ሲያልፍ ይፈጥናል፣ ሲፈጥንም ግፊቱ ይወርዳል። በሳሕኑ ውስጥ ባለው ቤንዚን ላይ ግን የውጭው አየር እንደተጫነ ነው፤ ያ ጫና ቤንዚኑን በጄቱ በኩል ገፍቶ ወደ አንገቱ ይረጨዋል። ጀርመናዊው ቪልሄልም ማይባህ ይህን የመርጨት ዘዴ ለሞተር ያበጀው በ1893 እ.ኤ.አ. ነበር። በዚያው ዓመት የሃንጋሪዎቹ ባንኪና ቾንካም ተመሳሳይ ፈጠራ አስመዝግበዋል። መሠረቱ እስከ ዛሬ ያው ነው፤ አንድ ኪሎ ቤንዚን በደንብ እንዲነድ 14.7 ኪሎ ገደማ አየር ይፈልጋል። የካርቡሬተር ሥራ በሙሉ ይህን ልክ መጠበቅ ነው።

2. ካርቡሬተሩን በመጨረሻ ጠርጥረው

ሞተሩ እንደመጣልህ ካቻቢቴ አታንሳ። መጀመሪያ ዘይቱን እይ። ብዙዎቹ ሞተሮች ዘይት ሲያንስ እሳቱን የሚቆርጥ መቆጣጠሪያ አላቸው። ዘይቱ የጎደለ ወይም ቁልቁለት ላይ የተቀመጠ ፓምፕ ገመዱን ቀኑን ሙሉ ብትስበው አይነሳም፤ ካርቡሬተሩ ግን ምንም አልሆነም።

ቀጥለህ የታንኩን ክዳን ላላ አድርገው። በክዳኑ ላይ አየር የሚገባበት ቀጭን ቀዳዳ አለ። እሱ በአቧራ ሲደፈን ታንኩ ውስጥ አየር ይጎድላል፣ ቤንዚንም መውረድ ያቆማል። ምልክቱ ግልጽ ነው፤ ሞተሩ ጥሩ ተነስቶ ጥቂት ይሠራል፣ ከዚያ ያለ ምክንያት ይሞታል፣ ትንሽ አርፎ እንደገና ይነሳል። ክዳኑን ስታላላ ካልሞተ በሽታውን አገኘኸው።

ከዚያ ካንዴላውን ፍታ። ገመዱን ደጋግመህ ከሳብህ በኋላ ጫፉ ደረቅ ከሆነ ቤንዚን አልደረሰውም። ርሶ ከወጣ ቤንዚን ደርሷል፤ ጥያቄህ እሳት አለ ወይስ የለም የሚለው ይሆናል። ጥላሸት የለበሰ ከሆነ ወይ ቤንዚን በዝቶበታል ወይ አየር አንሶታል። ክፍተቱ ከ0.7 እስከ 0.8 ሚሊ ሜትር መሆን አለበት። እሳቱን ስትሞክር ካንዴላውን ከሲሊንደሩ ቀዳዳ አርቀህ ከሞተሩ አካል ጋር አስነካው፤ ከቀዳዳው የሚወጣው የቤንዚን ትነት ፊትህ ላይ ሊቀጣጠል ይችላል።

የአየር ማጣሪያውንም እይ። በስምጥ ሸለቆው አቧራ ማጣሪያ በሳምንት ውስጥ ሊደፈን ይችላል። ስፖንጁን ለብ ባለ የሳሙና ውኃ እጠበው፣ በደንብ አድርቀው፣ ንጹሕ የሞተር ዘይት አስነክተህ ጭመቀው። ወረቀቱን ግን ውኃ አታስነካው፤ ከተደፈነ ቀይረው።

አንድ ነገር ልጨምርልህ። ገበሬው «ጉልበት አጣ» ሲልህ አንዳንዴ የሚያወራው ስለ ውኃው ነው። ሞተሩ በሙሉ ድምፅ እየዞረ ውኃ ካልመጣ፣ የሚስበው ቱቦ ተቀድዶ ወይም መያዣው ላልቶ አየር እያስገባ ይሆናል። ይህን ቱቦ ሳያይ ካርቡሬተር የሚፈታ ጠጋኝ የሰውን ገንዘብ ያለ አግባብ ይበላል።

3. ቤንዚኑን በብርጭቆ እየው

ከሳሕኑ ሥር ቤንዚን የሚወርድባት ትንሽ ቡሎን አለች። ንጹሕ የብርጭቆ ዕቃ ሥሯ አስቀምጠህ ፍታት፣ መዝጊያውን ክፈት፣ ቤንዚኑ ይውረድ። በደንብ ከወረደ እስከ ሳሕኑ ያለው መንገድ ክፍት ነው። የሚንጠባጠብ ወይም ጨርሶ የማይወርድ ከሆነ ችግሩ ከካርቡሬተሩ ሆድ በላይ፣ ከታንኩ እስከ መርፌዋ ባለው መንገድ ላይ ነው።

አሁን ብርጭቆውን ወደ ብርሃን አንሳውና ዝም ብለህ ጠብቅ። ውኃ ከቤንዚን ስለሚከብድ ከሥር እንደ ዶቃ ይሰበሰባል። ብርጭቆውን ዘንበል ስታደርገው ያ ዶቃ ለብቻው ሲንከባለል ታየዋለህ። ዝገትና ደለልም ከሥር ይተኛል። አሽትተውም፤ ትኩስ ቤንዚን የሚታወቅ ኃይለኛ ሽታ አለው፣ የቆየው ግን እንደ አሮጌ ቀለም ይሸታል፣ መልኩም ወደ ቢጫ ይሄዳል። ቤንዚን ከወር በላይ ሲቀመጥ መበላሸት ይጀምራል። በሳሕኑ ውስጥ ተረስቶ ሲተን ደግሞ እንደ ሙጫ ያለ ዝቃጭ ይተዋል፤ ፓይለት ጄትን የሚደፍነው በዋናነት ይህ ዝቃጭ ነው።

በየገጠር ከተማው በሃይላንድ ጠርሙስ እየተሞላ መንገድ ዳር የሚሸጠውን ቤንዚን ታውቀዋለህ። ከየትኛው በርሜል እንደተቀዳ፣ ነጭ ጋዝ ይቀላቀልበት አይቀላቀልበት፣ ስንት ቀን ፀሐይ ላይ እንደዋለ ማንም አያውቅም። ማደያ ሩቅ ለሆነበት ገበሬ አማራጭ የለውምና አትቆጣው። ይልቅ በጨርቅና በጥሩ ወንፊት አጥልሎ እንዲቀዳ፣ ጀሪካኑን አስቀምጦ ካደረ በኋላ የሥሩን እንዳይጨምር አስተምረው።

አሮጌ ሞተር ስትፈታ ያበጠና የለሰለሰ ጎማ ካገኘህ ምክንያቱ ኤታኖል ሊሆን ይችላል። በአዲስ አበባ ከ2001 ዓ.ም. አካባቢ ጀምሮ ለዓመታት ቤንዚን ላይ የስኳር ፋብሪካ ኤታኖል፣ መጀመሪያ 5 በኋላም 10 በመቶ ይቀላቀል ነበር። ኤታኖል እርጥበት ይስባል፤ ብዙ ውኃ ሲይዝም ከቤንዚኑ ተለይቶ ወደ ሥር ይወርዳል። እንዲህ ያለ ቤንዚን ሳሕን ውስጥ ከተቀመጠ አልሙኒየሙን ይበላዋል፣ ነጭ ዱቄት የመሰለ ዝገትም ያወጣል።

ብዙ ሞተር በዚህ በሦስተኛው ምክር ላይ ይድናል። ታንኩን አጥበህ፣ ማጥለያ ኩባያውን ጠርገህ፣ ንጹሕ ቤንዚን ሞልተህ ሞክረው። ከተነሳና ጭነት ከቻለ ካርቡሬተሩን አትንካው።

4. ምልክቱን ሳትረዳ አትፍታ

ሞተር ሲታመም በድምፁ ይናገራል። አድምጠው፣ ቾኩን እያንቀሳቀስህም ጠይቀው። ቾክ አየርን ይቀንሳል፣ ቤንዚኑንም ያበዛል። ስለዚህ ቾክ ሲዘጋ የሚሻለው ሞተር ቤንዚን ያነሰው ነው፣ ቾክ ሲዘጋ የሚብሰው ደግሞ ቤንዚን የበዛበት ነው። ይህን አንድ ሕግ ከያዝህ ግማሹን መንገድ ሄድክ።

ጭነት ሳይኖረው ዙሩ ከፍ ዝቅ፣ ከፍ ዝቅ እያለ የሚዋዥቅ ሞተር ብዙ ጊዜ ይገጥምሃል። ቾኩን እስከ ግማሽ ስትዘጋው ከረጋ ቤንዚን አንሶታል፤ አብዛኛውን ጊዜ የተደፈነው ፓይለት ጄቱ ነው። ብዙ ጀማሪ ግን ይህን ሲያይ የሞተሩን ዙር የሚቆጣጠረውን የጎቨርነር ሞላ ይስባል፣ ያጥፋል፣ ወደ ሌላ ቀዳዳ ያዘዋውራል። ሞላው ጥፋት የለበትም፤ ጎቨርነሩ የሚራበውን ሞተር ሊያድን እየከፈተና እየዘጋ ነው የሚዋዥቀው። የተጎተተ ሞላ ደግሞ ወደ ቀድሞ ልኩ አይመለስም። ጄነሬተር ከሆነ ጉዳቱ ይብሳል። የአገራችን መብራት 50 ኸርዝ ስለሆነ አብዛኛው ትንሽ ጄነሬተር በደቂቃ 3000 ዙር እንዲዞር ነው የተሠራው፤ ዙሩን በጆሮ ገምተህ ስታስጨምረው የሰውን ፍሪጅና ቴሌቪዥን ታቃጥላለህ።

በቾክ ብቻ ተነስቶ ቾኩ ሲከፈት የሚሞት ከሆነ፣ ወይ ጄት ተደፍኗል ወይ በካርቡሬተሩና በሞተሩ መካከል ባለው ጓርኒሲዮን በኩል አየር ሾልኮ ይገባል። በሚኒሞ ጥሩ ዞሮ ጋዝ ስትሰጠው ወይም ውኃ ሲጭን የሚታፈን ከሆነ ዋናውን ጄት ጠርጥር።

ጥቁር ጭስ፣ ጥላሸት የለበሰ ካንዴላና የሚበዛ የቤንዚን ወጪ ካየህ ቤንዚን በዝቷል ማለት ነው። ቾኩ ተጣብቆ እንዳይሆን፣ ማጣሪያው እንዳይደፈን፣ ሳሕኑ ከልክ በላይ እንዳይሞላ እይ። የአገሩ ከፍታ የሚያመጣውንም ነገር ወደ ታች እነግርሃለሁ።

ከአየር ማጣሪያው ወይም ከካርቡሬተሩ ቤንዚን የሚንጠባጠብ ከሆነ መርፌዋ አልዘጋችም። እዚህ ላይ ገመዱን ከመሳብህ በፊት የዘይቱን መለኪያ አውጣና አሽት። ዘይቱ ከልኩ በላይ ከፍ ብሎ ቤንዚን ቤንዚን ከሸተተ፣ ቤንዚኑ በሲሊንደሩ በኩል ወርዶ ዘይቱ ውስጥ ገብቷል። እንዲህ ያለውን ሞተር አታስነሳ፤ የቀጠነ ዘይት ፒስተኑንና ሲሊንደሩን በደቂቃዎች ውስጥ ይፍቃቸዋል። መርፌዋን አስተካክል፣ ዘይቱን ሙሉ በሙሉ ለውጥ፣ ከዚያ አስነሳ።

5. የሥራ ቦታህን አስተካክል

የምትሠራው ነፋስ በሚገባበት ቦታ ይሁን። የቡናው ከሰል ከሚነድበት፣ ሲጋራ ከሚጨስበትና ብየዳ ከሚሠራበት ራቅ። የቤንዚን ትነት ከአየር ስለሚከብድ መሬት ለመሬት ይሄዳል፤ አንተ ሳታየው ራቅ ያለ ፍም ጋ ደርሶ እሳቱን ይዞልህ ይመለሳል።

ቤንዚን በአፍህ በቱቦ አትሳብ። ይህን የምልህ አጥብቄ ነው፤ ሁሉም ሲያደርገው ታያለህና ቀላል ይመስልሃል። የዋጥከው ቤንዚን ሆድህን ይጎዳል። ትን ብሎህ ወደ ሳንባህ የገባ ጥቂት ቤንዚን ግን የሳንባ ምች አስከትሎ ሊገድልህ ይችላል። የእጅ ፓምፕ ግዛ፣ ካልሆነም በሳሕኑ ሥር ባለችው ቡሎን አውርደው።

የምትፈታውን ሁሉ ከመፍታትህ በፊት በስልክህ ፎቶ አንሳ፤ የጎቨርነሩን ዘንግና ቀጭኗን ሞላ ከሁለት አቅጣጫ አንሳቸው። ብሎኖቹን በተፈቱበት ቅደም ተከተል በነጭ ጨርቅ ላይ ደርድር። የቸኮለች አፍሳ ለቀመች ይባል የለ፤ አሸዋ ላይ የወደቀች የሞላ ቁራጭ ግን ተለቅማም አትገኝም።

6. ስትፈታ

መዝጊያውን ዝጋ፣ ሳሕኑን አውርድ። የተንሳፋፊውን ማሰሪያ ዘንግ በቀስታ ግፋና አውጣው፤ መርፌዋ አብራ ትወጣለች። ከዚያ ዋናውን ጄት ፍታ። ጄት ከናስ ስለሚሠራ ለስላሳ ነው፤ ካቻቢቴህ የጄቱን ስንጥቅ በስፋትም በውፍረትም ሞልቶ መያዝ አለበት። በቀጭን ካቻቢቴ የተፋቀ ጄት ከዚያ በኋላ አይወጣም፣ አይገባምም። ካልላላ አታስገድደው፤ ማጽጃ ረጭተህ አሳድረውና ነገ ሞክር።

ከዋናው ጄት በላይ፣ በዚያው ጉድጓድ ውስጥ ከጎኑ በትንንሽ ቀዳዳዎች የተበሳሳ ቱቦ አለ። ጄቱ ከወጣ በኋላ ካርቡሬተሩን ስትገለብጠው ይወድቃል፤ ካልወደቀ በእንጨት ስንጥር በቀስታ ግፋው። ብዙ ሰው ይህ ቱቦ መኖሩን ስለማያውቅ ጄቱን ብቻ ያጸዳል፣ ሞተሩም አይድንም። በእነዚያ ቀዳዳዎች አየር ገብቶ ቤንዚኑን አረፋ ያደርገዋል፤ አንዳቸው እንኳ ከተደፈኑ ልኩ ይዛባል። ወደ ብርሃን አንሳውና እያንዳንዱን ቀዳዳ በዓይንህ አረጋግጥ።

ፓይለት ጄቱ የተደበቀ ነው። ካርቡሬተሩ አናት ላይ ሚኒሞ የምታስተካክልበትን፣ ሞላ ያላትን ብሎን ስትፈታ ከሥሯ ትንሽ የፕላስቲክ ራስ ታያለህ። እሷን በቀስታ ፈልቅቀህ ወደ ላይ ሳባት። ጫፏ ላይ ያለው ቀዳዳ ከፀጉር ብዙም አይወፍርም። የዚህች ቀዳዳ መደፈን ነው ከላይ ለነገርኩህ መዋዠቅ ዋናው ምክንያት። አንገቷ ላይ ያለውን ቀጭን የጎማ ቀለበት አታጥፋው።

ጎን ላይ የፓይለት ማስተካከያ ብሎን አለ። ከማውጣትህ በፊት ወደ ውስጥ በቀስታ አዙረህ እስኪቆም ስንት ዙር እንደሄደ ጻፍ፤ ስትመልስ በዚያው ቁጥር ትመልሰዋለህ። እስኪቆም ማለቴ እስኪነካ ነው። በኃይል ካጠበቅኸው ሾጣጣ ጫፉ ይጎዳል፣ መቀመጫውንም ያበላሻል። ከፋብሪካ የማገጃ ቆብ የተለጠፈበት ከሆነ ተወው።

7. ስታጸዳ

የብረት ሽቦ፣ መርፌ ቁልፍ፣ የመጋዝ ጥርስ ወደ ጄት ቀዳዳ አይገባም። ጄት ማለት መለኪያ ነው፤ በመቶኛ ሚሊ ሜትር የሚቆጠር ስፋት የጨመርክበት ጄት ከዚያ በኋላ ውሸት ይለካል። ሞተሩ ሊነሳልህና ደንበኛህ ሊያመሰግንህ ይችላል፤ ነገር ግን በየቀኑ ያለ አግባብ የሚነደው ቤንዚን ከገበሬው ኪስ ይወጣል። ከቀጭን የመብራት ገመድ ውስጥ አንዲት የመዳብ ክር ምዘዝ፤ መዳብ ከናስ ስለሚለሰልስ ቀዳዳውን አያሰፋም። እሷንም ብትሆን ዝቃጩን ለማላላት ብቻ ተጠቀምባት፤ ዋናውን ሥራ ማጽጃውና አየሩ ይሥሩት።

በቆርቆሮ የሚሸጠውን የካርቡሬተር ማጽጃ በእያንዳንዱ መንገድ ርጭ፤ በአንዱ ቀዳዳ ስትረጭ በየትኛው እንደሚወጣ ተከተል። ሊወጣበት ከሚገባው ቦታ ካልወጣ መንገዱ ገና አልተከፈተም። ኮምፕሬሰር ከሌለህ ጎረቤትህ ያለው ጎሚስታ አለው። ዓይንህን ሸፍነህ ንፋ። አየር ስትነፋ ተንሳፋፊውም፣ መርፌዋም፣ የጎማ ቀለበቶቹም ወጥተው ይቀመጡ፤ አየሩ ተንሳፋፊውን ሊጎዳው፣ ማጽጃውም ጎማውን ሊያበላሸው ይችላል።

8. ተንሳፋፊውና መርፌዋ

ተንሳፋፊውን ጆሮህ አጠገብ አድርገህ ነቅንቀው። ውስጡ ፈሳሽ ከተንቦጫቦጨ ተሰንጥቋል፣ ቀይረው፤ ማጣበቂያ አትሞክር፣ ክብደቱ ይለወጣል። የመርፌዋን የጎማ ጫፍ በአጉሊ መነጽር ወይም በስልክህ ካሜራ አጉልተህ እይ፤ ዙሪያዋን የሚዞር ጠርዝ ከተቀረጸባት አትዘጋም።

የተንሳፋፊው ከፍታ በጂኤክስ160 13.7 ሚሊ ሜትር ነው። ካርቡሬተሩን ዘንበል አድርገህ፣ ተንሳፋፊው መርፌዋን ነክቶ ግን ሳይጫናት፣ ከካርቡሬተሩ አካል እስከ ተንሳፋፊው አናት ለካ። ይህ የፕላስቲክ ተንሳፋፊ ተጣጥፎ የሚስተካከል ምላስ የለውም፤ ልኩ ከሳተ ተንሳፋፊውን ወይም መርፌዋን ትቀይራለህ እንጂ አታጥፈውም።

9. ጓርኒሲዮን

በካርቡሬተሩና በቴስታታው መካከል ሙቀት የሚከላከል ወፍራም ቁራጭ አለ፤ በሁለቱም ጎኑ ጓርኒሲዮን ይገባል። የተቀደደ አትመልስ፣ ሲሊኮን አትቀባ። ሲሊኮኑ በቤንዚን ለስልሶ ይላቀቃል፣ ቁራጩም በተሳሳተ ጎን ከገባ የአየር መንገዶቹን ይዘጋል። ያነሳኸውን ፎቶ እያየህ ግጠም።

10. አገሩ ከፍ ያለ መሆኑን አትርሳ

ይህን ነገር መጻሕፍቱ በአንድ አንቀጽ ያልፉታል፤ ለእኛ ግን ዋና ጉዳይ ነው። ከፋብሪካ የወጣ ካርቡሬተር ለቆላማ አገር አየር የተስተካከለ ነው። አዲስ አበባ ከ2,300 ሜትር በላይ፣ ደብረ ብርሃን ከ2,800 ሜትር በላይ ላይ ናቸው። በአዲስ አበባ ያለው የአየር ግፊት በባሕር ጠለል ካለው ሦስት አራተኛ ገደማ ነው። አየሩ ሲሳሳ ጄቱ ግን ያንኑ ያህል ቤንዚን ይሰጣል፣ ስለዚህ ቤንዚኑ ይበዛል፤ ካንዴላው ይጠቁራል፣ ጭስ ይወጣል፣ ወጪው ይጨምራል። በየጊዜው ካንዴላ እየቀየረ የሚኖር የደጋ ሰው ካገኘህ ይህን አስብ።

ፋብሪካው ራሱ ሞተሩ ዘወትር ከ1,500 ሜትር በላይ የሚሠራ ከሆነ አነስ ያለ ዋና ጄት ተገጥሞለት የፓይለት ብሎኑም እንዲስተካከል ይመክራል። ጄቱ ላይ የተቀረጸ ቁጥር አለ፤ ቁጥሩ ሲያንስ ቀዳዳው ይጠባል። እንዲህም ሆኖ ሞተሩ በየ300 ሜትሩ 3.5 በመቶ ገደማ ጉልበት ማጣቱ አይቀርም። ስለዚህ አዲስ አበባ ላይ የሚሠራ ሞተር ከተጻፈበት ጉልበት ሩብ ያህሉን ያጣል። ይህን ለደንበኛህ በግልጽ ንገረው፤ የማይመለስ ጉልበት እመልሳለሁ ብለህ ገንዘቡን አትውሰድ።

ተቃራኒው ደግሞ የበለጠ አደገኛ ነው። ለደብረ ብርሃን ጄቱ የጠበበለት ሞተር ተሸጦ መተሐራ፣ 1,000 ሜትር ገደማ ወደሆነ አገር ሲወርድ ቤንዚን ያንሰዋል። ቤንዚን ያነሰው ሞተር ከልክ በላይ ይግላል፣ ባልቦላውና ፒስተኑ ይቃጠላል። ጄት ስትቀይር ቁጥሩንና የተስተካከለበትን አገር በማይጠፋ ቀለም ሞተሩ ላይ ጻፍ። ከአንተ በኋላ የሚፈታው ሰው ያንብበው።

11. መቼ ይጣል

የጋዙ ዘንግ በቀዳዳው ውስጥ ሲንገዋለል አየር ያስገባል፣ በማጽዳትም አይድንም። የመርፌዋ መቀመጫ በነጭ ዝገት ከተበላ አይዘጋም። በእነዚህ ሁለት ምክንያቶች አዲስ ካርቡሬተር ግዛ በል፤ በሌላ ምክንያት አታስገዛ። ለ168ኤፍ ሞተሮች ሙሉ ካርቡሬተር ገበያ ላይ ስለሚገኝ ሳይመረምር ወደ መቀየር የሚሮጥ ጠጋኝ በዝቷል። አዲሱም በዚያው ቆሻሻ ቤንዚን ወዲያው ይደፈናል። ደግሞም ከሳጥኑ የወጣውን አዲስ ካርቡሬተር ሳትመረምር አትግጠም፤ ጄቱ ውስጥ የናስ ፍቅፋቂ ያለበት አይጠፋም።

የዛፍ መቁረጫ መጋዝ ካመጡልህ ነገሩ ሌላ ነው። ካርቡሬተሩ ሳሕንና ተንሳፋፊ የለውም፣ በእነሱ ፋንታ ስስ ሽፋን አለ። ሽፋኑ በጊዜ ብዛት ይደርቃል። እሱን ከነጓርኒሲዮኑ መቀየር ነው መድኃኒቱ።

12. ስታስረክብ

ገጥመህ ስትጨርስ በበርሜል ውኃ ፓምፑን አሠራው። ጭነት ሳይኖረው ደህና የሚዞር ሞተር ድኗል አይባልም። እስኪሞቅ አሠራው፣ ቾኩን ሙሉ በሙሉ ክፈት፣ ጋዙን ከዝቅተኛ ወደ ከፍተኛ ቶሎ ስጠው። ሳይታፈን ከተነሳ፣ ሲመለስም ሳይሞት ከረጋ ሥራህ አልቋል። በመጨረሻ በካርቡሬተሩ ዙሪያ ጣትህን አዙር፣ ርጥበት ካገኘህ ወደ መርፌዋ ተመለስ።

ገንዘቡን ከመቀበልህ በፊት ባለቤቱን አጠገብህ አቁመህ የቤንዚኑን መዝጊያ ዝጋው። ሞተሩ በሳሕኑ የቀረውን ጨርሶ በራሱ ሲጠፋ ያሳየው። መስኖው ሲያልቅ፣ ዝናቡ ሲገባና ፓምፑ ጎተራ ሊቀመጥ ሲል ሁልጊዜ እንዲህ አድርጎ እንዲያጠፋው፣ በሳሕኑ ሥር ያለችውን ቡሎንም ፈትቶ የቀረውን እንዲያወርድ ንገረው። አንተ እያየኸው እሱ ራሱ በእጁ እስኪሠራው ድረስ ሞተሩን አታስረክበው።